ብቻውን የቀረ ምስክር፦ የጦርነት ዘመን ፍቅር በአንድ ሰው ተውኔት

በመጋቢት ወር 1939 ዮሴፍ ኮሁት የተባለ ወጣት ቪየና ወደሚገኘው የጌስታፖ (የናዚ ምስጢር ፖሊስ) ጽሕፈት ቤት ተጠራ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መርማሪው አንድ ፎቶግራፍ አውጥቶ አሳየው። ዮሴፍና ፍሬድ የሚባለው ወዳጁ አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ ነበር፤ ዮሴፍ ራሱ ጀርባው ላይ የዘላለም ፍቅሩን ጽፎ ለገና በዓል ለፍሬድ የሰጠው። ጽሕፈቱ የእርሱ መሆኑን ተጠየቀ፤ የገዛ እጁን ጽሕፈት ሊክድ አልቻለም። የፍሬድ አባት ከፍተኛ የናዚ ባለሥልጣን ስለነበር በፍሬድ ላይ የተከፈተው ክስ ተቋረጠ። ዮሴፍ ግን ተፈርዶበት ታሰረ፤ የእስራቱን ጊዜ ሲጨርስም ወደ ቤቱ በመሄድ ፋንታ ወደ ዛክሰንሃውዘን፣ ከዚያም ወደ ፍሎሰንቡርግ ማጎሪያ ተወሰደ።

ፍቅር በወንጀል ሕግ ሲፈረጅ ፍቅርን የሚመሰክር ጽሑፍ ሁሉ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ይሆናል። ሰው ደብዳቤውን ያቃጥላል፣ ፎቶግራፉን ይቀድዳል፣ የአድራሻ ደብተሩን ይሸሽጋል። ጦርነቱ ሲያልፍ ለታሪክ የሚተርፈው አንድም የመርማሪው መዝገብ ነው፤ አንድም ከሁለቱ አንዱ በሕይወት ከቆየ የእርሱ አንደበት ነው። በጦርነት ዘመን ስለነበረ የወንድና የወንድ ፍቅር የሚናገር ተውኔት በአንድ ተዋናይ ብቻ ሲቀርብ፣ ተመልካች ነገሩን ከገንዘብ እጥረት ወይም ተዋናዩ ችሎታውን ለማሳየት ካለው ፍላጎት ጋር ሊያያይዘው ይችላል። እኔ ግን ቅርጹ ከጉዳዩ የተወለደ ነው ብዬ አምናለሁ። መድረኩ ላይ አንድ ሰው ብቻ የቆመው፣ በእውነተኛው ታሪክም ለመናገር የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው።

ይህን ለማየት ሕጉ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የጀርመን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 175 በወንዶች መካከል የሚደረግን ግንኙነት መቅጣት የጀመረው ናዚዎች ሥልጣን ከመያዛቸው ከስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነበር። ናዚዎች በሰኔ 1935 አንቀጹን አሰፉት፤ ከዚያ ወዲያ አካላዊ ግንኙነት መፈጸሙን ማረጋገጥ ሳያስፈልግ ንክኪ፣ ደብዳቤ፣ አንዳንዴም አስተያየት ብቻ ለክስ ይበቃ ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ይህንንና ጽንስ ማስወረድን ለመከታተል የተቋቋመ ማዕከላዊ ቢሮ ተከፈተ። ፖሊስ አንድ ሰው ሲይዝ የአድራሻ ደብተሩን ወስዶ እያንዳንዱን ስም ይከተል ነበርና፣ አንድ ሰው መያዙ ለብዙዎች መያዝ ምክንያት ይሆን ነበር። በናዚ ዘመን ወደ 100,000 የሚጠጉ ወንዶች በዚህ አንቀጽ እንደታሰሩ፣ ከ50,000 በላይ እንደተፈረደባቸው፣ ከ5,000 እስከ 15,000 የሚሆኑት ደግሞ ሮዝ ሦስት ማዕዘን ልብሳቸው ላይ ተሰፍቶላቸው ወደ ማጎሪያ እንደተጋዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

ከቁጥሩ ይልቅ ለመድረኩ የሚቀርበው ግን ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ማጎሪያዎቹ ሲከፈቱ ሌሎች እስረኞች ስለ ደረሰባቸው መናገር ቻሉ፤ በአንቀጽ 175 የታሰረው ግን የደረሰበትን ቢናገር ወንጀሉን መናዘዝ ይሆንበት ነበር። ምዕራብ ጀርመን የናዚዎችን ቃል ሳትለውጥ አንቀጹን እስከ 1969 አቆየችው፤ በነዚያ ዓመታት ሌሎች 50,000 ያህል ወንዶች ተፈርዶባቸዋል። ከነዚህ መካከል ከማጎሪያ ወጥተው በዚያው አንቀጽ እንደገና የታሰሩ ነበሩ። አንቀጹ ጨርሶ የተሰረዘው በ1994 ነው፤ የናዚ ዘመን ፍርዶች የተሻሩት በ2002፣ ከጦርነቱ በኋላ የተሰጡት ፍርዶች ደግሞ በ2017 ነው። የኮሁት ታሪክ በ1972 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ እንኳ የጻፈው ሌላ ሰው ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የሰፈረውም የብዕር ስም እንጂ የኮሁት ስም አልነበረም።

በምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኘው የአልሳስ ተወላጅ ፒየር ሴል ዝምታውን የሰበረው ወደ አርባ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በሙልሃውዝ ከተማ፣ ወንዶች በሚገናኙበት አደባባይ ሰዓቱ ይሰረቅበታል፤ ለፖሊስ ሲያመለክት የት እንደተሰረቀ መናገር ነበረበት። የፈረንሳይ ፖሊሶች ስሙን መዝገብ ውስጥ አሰፈሩት፤ ጀርመኖች ሲመጡ መዝገቡ በእጃቸው ገባ። በ1941 ሽርሜክ ማጎሪያ ውስጥ እስረኞቹ ተሰልፈው በቆሙበት፣ ጆ እያለ የሚጠራው የአሥራ ስምንት ዓመት ወዳጁ በውሾች ሲገደል ቆሞ እንዲያይ ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ ሚስት አገባ፣ ሦስት ልጆች ወለደ፣ የጆን ነገር ለማንም አልተነፈሰም። በ1982 አንድ የስትራስቡርግ ጳጳስ በአደባባይ የተናገሩት ቃል ባያስቆጣው ኖሮ ምናልባት ይዞት ይቀበር ነበር። ስለ ጆ ዛሬ የምናውቀው ሁሉ ማለት ይቻላል በሴል አፍ ያለፈ ነው። ጆ ምን ይወድድ ነበር፣ ሲስቅ እንዴት ነበር፣ ለሴል ምን ይለው ነበር? ይህን ሊመልስ የሚችል ሁለተኛ ሰው የለም። ሴልን የሚጫወት ተዋናይ አጠገብ ጆን የሚጫወት ሌላ ወጣት ቢቆም፣ ተመልካቹ ዓይኑ ያየውን ያምናል፤ ወጣቱ መልክ ይኖረዋል፣ ድምፅ ይኖረዋል፣ በመጨረሻም አጎንብሶ ጭብጨባ ይቀበላል። ብቻውን የቆመ ተዋናይ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ግን እስከ መጨረሻው ባዶ ነው።

የመድረክ ሰዎች ይህን ባዶ ቦታ በተለያየ መንገድ ሞክረውታል። በ1979 ለንደን በሮያል ኮርት ትያትር የታየው የማርቲን ሸርማን ተውኔት ሁለት እስረኞችን አጠገብ ለአጠገብ ያቆማል፤ ዘበኛ ያያቸዋልና ሊነካኩ ቀርቶ ሊተያዩ አይችሉም፤ በቃል ብቻ ይዋደዳሉ። በ2007 ሲያትል ውስጥ የቀረበው የጄክ ሄጊ የሙዚቃ ድራማ ደግሞ የበርሊኖቹን የጋድ ቤክንና የማንፍሬድ ሌቪንን ታሪክ ይዞ፣ ከሞት የተረፈውን ሽማግሌ ጋድን ለተዋናይ፣ የሞተውን ማንፍሬድን ለዘፋኝ ሰጠ። ሕያው ይናገራል፣ ሙት ያዜማል። ሁለቱ አንድ መድረክ ላይ ቢሆኑም አንድ ቋንቋ አይናገሩም፤ ይህ ለአንድ ሰው ተውኔት እጅግ የቀረበ መፍትሔ ይመስለኛል።

የጋድና የማንፍሬድ ታሪክ እዚህ ላይ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። ሁለቱም በበርሊን የአይሁድ ወጣቶች ማኅበር ውስጥ የተዋወቁ ልጆች ነበሩ። በ1942 የማንፍሬድ ቤተሰብ ተይዞ ወደ ምሥራቅ ከመጋዙ በፊት በአንድ የቀድሞ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ታጎረ። ጋድ የሒትለር ወጣቶች ማኅበርን የደንብ ልብስ ተዋሰ፤ ልብሱ እጅግ ይሰፋው ነበር። ለብሶት ወደ ግቢው ገብቶ ማንፍሬድ ለሥራ እንደሚፈለግ ለኃላፊው ነገረው፤ ኃላፊውም አመነውና ሁለቱ አብረው ወደ መንገዱ ወጡ። ጋድ ገንዘብ ሰጥቶት የት ሄዶ መደበቅ እንዳለበት ሲነግረው ማንፍሬድ ቆመ። ቤተሰቡ እንደሚፈልጉት፣ አሁን ጥሏቸው ቢሄድ መቼም ነፃ ሰው ሊሆን እንደማይችል ተናገረ፤ ዞሮም ሳይሰናበት ወደ ግቢው ተመለሰ። ማንፍሬድና ቤተሰቡ በሙሉ በአውሽዊትስ ተገደሉ። ጋድ በርሊን ውስጥ ተደብቀው ለነበሩ አይሁዳውያን መጠለያና ምግብ ሲያፈላልግ ቆየ፤ በጦርነቱ መጨረሻ ወራት በጥቆማ ቢያዝም ተርፎ እስከ 2012 ኖረ።

ይህን ትዕይንት በሁለት ተዋንያን መሥራት ይቻላል፤ ብዙ አዘጋጆችም ይህን ይመርጣሉ ብዬ እገምታለሁ። በአንድ ተዋናይ ሲሠራ የሚሆነውን ግን እናስብ። ሰፊ ልብስ የለበሰው ሰውዬ መንገዱ ላይ ቆሞ ይናገራል። ከዚያ ያው ሰውዬ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይሄድና፣ ትከሻውን ለውጦ፣ በማንፍሬድ ድምፅ "አልሄድም" ይላል። ያ "አልሄድም" የሚወጣው ከጋድ አካል ውስጥ ነው። ወደ ሰባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያመላልሰው የኖረውን ቃል፣ ሌላ ሰው ሊናገርለት የማይችለውን ቃል፣ በገዛ አፉ ይናገረዋል። ሲመለስም የሚያየው ሄዶ የሚጠፋ ሰው የለም፤ ተዋናዩ ወደ ራሱ ቦታ መመለስ ብቻ ነው የሚችለው። ትዝታ በእውነት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ያጣነው ሰው በጭንቅላታችን ውስጥ ሲናገር ድምፁን የምናውሰው እኛው ነን።

የአንድ ሰው ተውኔት ለአማርኛ ታዳሚ እንግዳ አይደለም። መነባንብ ከመድረካችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ግሩም ዘነበ ብቻውን የተወነው "እያዩ ፈንገስ" አንድ ተዋናይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይዞ መቆየት እንደሚችል በደንብ አሳይቷል። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ቅርጹን ያውቀዋል፤ ብቻውን የቆመ ሰው ታዳሚውን እንደ ችሎት፣ እንደ ንስሐ አባት፣ እንደ ጎረቤት ሊያናግረው እንደሚችል ያውቃል።

ችሎት ስል ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሌላ ምስክር በሌለበት አንድን ምስክር እንዴት እናምናለን? ይህን ጥያቄ ሳይሸሽ የተጋፈጠው ሥራ አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ዳግ ራይት የጻፈው "እኔ የራሴ ሚስት ነኝ" ነው። ተውኔቱ በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ በሞይሴስ ካውፍማን አዘጋጅነት ለመድረክ በቃ፤ ተዋናዩ ጄፈርሰን ሜይስ ከሠላሳ በላይ ገጸ ባሕርያትን ብቻውን ተጫወተ፤ በቀጣዩ ዓመትም ተውኔቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በ1928 በርሊን ውስጥ ሎታር ቤርፌልደ ተብላ በወንድ ልጅነት የተወለደችው፣ በኋላ ግን ሻርሎት ፎን ማልስዶርፍ በሚል ስም በሴት ልብስ የኖረችው ሰው ታሪክ ነው። የሻርሎት ሕይወት ከተለመደው የወንድና የወንድ ፍቅር ታሪክ ይለያል፤ ሆኖም የኖረችው በዚያው ሕግ ጥላ ሥር፣ በዚያው ጦርነት መካከል ነበር።

ተውኔቱ ሲጀምር ጥቁር ቀሚስ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ዕንቁ ያሰረ፣ ራሱን በሻሽ የሸፈነ ሰው በሩን ከፍቶ ታዳሚውን ያያል፤ ፈገግ ይላል፤ አንድም ቃል ሳይናገር ተመልሶ ይወጣል። እንደገና ሲገባ ትልቅ ቀንድ ያለው የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ይዟል። ሻርሎት ቤቷን ሙዚየም ያደረገች የዕቃ ሰብሳቢ ነበረችና ታሪኳን የምትነግረን በዕቃ በኩል ነው። ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚይዘው የጦርነቱ ማብቂያ ትዕይንት ነው። በርሊን እየተደበደበች ሳለ ወታደሮች ይይዟትና ሊረሽኗት ግድግዳ ላይ ያቆሟታል። አንድ መኮንን ቀርቦ "ወንድ ነሽ ሴት?" ብሎ ይጠይቃል። እርሷም ከተገደልኩ በኋላ ወንድም ሆንኩ ሴት ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ሙት ሙት ነው ብላ ታስባለች። መኮንኑ የተማሪ ልጅ እስከ መግደል አልደረስንም ብሎ ይለቃታል። ይህን ሁሉ የሚናገረው አንድ አፍ ነው፤ ገዳዩም፣ መኮንኑም፣ ልጁም።

ከዚያ በኋላ ግን ጸሐፊው ሌላ ነገር ያገኛል። ሻርሎት በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ለስታዚ (ለአገሪቱ የምስጢር ፖሊስ) መረጃ ታቀብል እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ይወጣል፤ ወዳጇ የነበረ አንድ ዕቃ ሰብሳቢ መታሰሩም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ራይት ለዓመታት በቴፕ የቀዳትና ጀግናዬ ያላት ሰው እንደነገረችው ንጹሕ አልነበረችም። ራይት ታሪኩን በመቅበር ፋንታ ራሱን ገጸ ባሕርይ አድርጎ መድረኩ ላይ አቆመና ጥርጣሬውን በታዳሚው ፊት ገለጠው። እርሱንም የሚጫወተው ያው በጥቁር ቀሚስ ያለው ተዋናይ ነው። ጠያቂውና ተጠያቂው፣ ከሳሹና ተከሳሹ በአንድ አካል ውስጥ ስለሆኑ ታዳሚው ወደ አንዱ አድልቶ ማረፍ አይችልም። እኔ ይህን የቅርጹ ትልቁ ታማኝነት አድርጌ አየዋለሁ። ስደት ያለፈበት ሰው ቅዱስ እንዲሆን መጠበቅ ሌላ ዓይነት ጭካኔ ነው፤ የተበደለ ሰው በደሉ እውነት እንዲሆን መልአክ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን አጣዳፊ ሆነ ቢባል፣ ምስክሮቹ አልቀዋል። ሮዙን ሦስት ማዕዘን ለብሰው ከተረፉት መካከል የመጨረሻው መሆኑ የሚታወቀው ሩዶልፍ ብራዝዳ በ2011 አረፈ። በጥር 27 ቀን 2023 የጀርመን ፓርላማ ዓመታዊውን የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት በጾታዊ ዝንባሌያቸውና በማንነታቸው ምክንያት ለተሰደዱት ሲሰጥ፣ የሁለት ተጎጂዎችን ታሪክ ያነበቡት ሁለት ተዋንያን ነበሩ። ማረን ክሮይማን የሜሪ ፑንየርን፣ ያኒክ ሹማን የካርል ጎራትን ታሪክ አነበቡ። ፓርላማው ውስጥ አንድ ተዋናይ ለብቻው ቆሞ የሌላን ሰው ሕይወት ሲናገር ታየ። ቃሉ ከምስክሩ ወደ ተዋናዩ የተሸጋገረበት ቅጽበት ነበር ማለት ይቻላል፤ ተዋናዩም ከእንግዲህ ይህን አደራ መሸከም ይኖርበታል።

ጦርነቱም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በዩክሬን ግንባር ላይ ካሉት ወታደሮች መካከል የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኛ ያላቸው አሉ፤ ወታደሩ ቢሞት አስከሬኑን የመረከብም ሆነ ሆስፒታል ገብቶ የመጠየቅ ሕጋዊ መብት ለፍቅረኛው የለውም፤ በሕግ ፊት ባዕድ ነውና። በ2022 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ እንዲፈቀድ የጠየቀ አቤቱታ ለፕሬዚዳንቱ ምላሽ የሚያስፈልገውን 25,000 ፊርማ አልፎ ሲቀርብ፣ ዘለንስኪ በጦርነት ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ሊሻሻል እንደማይችል፣ ሆኖም ሌላ ሕጋዊ መንገድ ሊታይ እንደሚችል መለሱ፤ በመጋቢት 2023 የምክር ቤት አባሏ ኢና ሶቭሱን በመዝገብ ስለሚጸና አብሮ መኖር ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ይህም ያው የሴል ጥያቄ ነው። ሟቹን የኔ ነው ብሎ በአደባባይ ሊያለቅስለት የማይችል ሰው ሐዘኑን የት ያኑረው? መድረክ ለዚህ ሰው ድንኳን ይሆነዋል፤ ታዳሚውም ለቅሶ ደራሽ።

እነዚህን ሥራዎች በአማርኛ የማሰብ ነገር ግን የራሱ ፈተና አለው። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ ግንኙነቱን በአንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ በአማርኛ ስለ ጉዳዩ ሲጻፍ ቀድሞ የሚመጣው ቃልም የሕግና የሃይማኖት ቃል ነው። ያ ቃል ድርጊትን ይሰይማል፤ ጋድ ሰፊውን ልብስ ለብሶ ወደ ግቢው የገባበትን ነገር ግን ሊሰይም አይችልም። እኔ በዚህ ጽሑፍ "ፍቅር" የምለው ለማባበል ፈልጌ አይደለም፤ ለጋድና ለማንፍሬድ የሚስማማ ሌላ ቃል ስለሌለኝ ነው።

ከቃላት ምርጫው በታች ደግሞ ሰዋስው አለ። ማንፍሬድ ከመያዙ በፊት ለጋድ በእጁ የሠራት፣ ሥዕልና ግጥም ያለባት ትንሽ መጽሐፍ ነበረች። ጋድ ጦርነቱን ሁሉ አሳልፎ አቆያት፤ ዛሬ ዋሺንግተን በሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ገጾቿ አብረው ያሳለፉትን ቀን እያነሡ ያስታውሰው እንደሆነ ይጠይቁታል። በጀርመንኛ ይህ ጥያቄ የሚጠየቀውን ሰው ጾታ አይናገርም፤ ሌላ ሰው ቢያነባት አንድ ሰው ለሴት የጻፋት ልትመስለው ትችል ነበር። ያ የሰዋስው ዝምታ መደበቂያ ነበር።

አማርኛ ይህን መደበቂያ አይሰጥም። ተዋናዩ አፉን ከፍቶ "ትዝ ይልሃል?" ባለ ጊዜ ገና በመጀመሪያዋ ግሥ የሚወድደው ወንድ መሆኑ ይታወቃል። "ትዝ ይልሻል?" ቢል ደግሞ ማንፍሬድን ክዶታል። አንድ ማምለጫ አለ፤ "ትዝ ይልዎታል?" ማለት። አንቱታ ጾታን ይሸፍናል። ግን ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር ያደረ ሰው ወዳጁን አንቱ አይለውም። ስለዚህ ይህችን መጽሐፍ በአማርኛ መድረክ ላይ ብቻውን የሚያነብ ተዋናይ፣ መብራቱ እንደበራ፣ ማንፍሬድ ያልተጠየቀውን ይጠየቃል፤ አንተ ብሎ ይጀምራል፣ ወይም ዝም ይላል።